ቆጡ ከነፋሱ በታች

ወጣቱ፦ እማማ፣ ጓሮዬ ውስጥ ለ12 እንቁላል ጣይ ዶሮዎች ቤት ልሠራ ነው። አጠናውም ቆርቆሮውም ተገዝቷል። ብርድ እንዳይገባባቸው ግድግዳውን እስከ ጣሪያው ድረስ በጭቃ ልመርገው አስቤያለሁ። ምን ይሉኛል?

እማማ፦ እስከ ጣሪያው አትምረገው እልሃለሁ፣ ልጄ። ሰው የዶሮ ቤት ሲያስብ ቶሎ የሚመጣበት ብርድ ነው፤ አብዝቶ የሚጎዳቸው ግን እርጥበትና የታፈነ አየር ነው። እስቲ አስላው። አንዲት ጣይ ዶሮ በቀን ሩብ ሊትር ገደማ ውሃ ትጠጣለች፤ ያንተ 12ቱ 3 ሊትር ያህል መጠጣታቸው ነው። ከዚያ ጥቂቱ በእንቁላሉ ይሄዳል፤ የቀረው በኩስና በትንፋሽ ይወጣል። ኩሱ ራሱ ከአራት እጅ ሦስቱ ውሃ ነው። ቤቱ ከተዘጋ ይህ ሁሉ የት ይሄዳል? እንፋሎቱ ወደ ላይ ወጥቶ ቀዝቃዛውን ቆርቆሮ ሲነካ ጤዛ ይሆንና ሌሊቱን ጠብ ጠብ እያለ ጉዝጓዙን ያረጥበዋል። ከረጠበው ኩስ ደግሞ አሞኒያ ይነሣል። ጎህ ሲቀድ በሩን ከፍተህ በቆጡ ቁመት ልክ ጎንበስ በል፤ ዓይንህን ከቆጠቆጠህ እነሱ ያንን ሲተነፍሱ ነው ያደሩት። ሳንባቸው ከተጎዳ በሽታ በቀላሉ ይይዛቸዋል፤ በእርጥቡ ጉዝጓዝ ውስጥም ደም የተቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጣው ኮክሲዲዮሲስ ይስፋፋል።

ወጣቱ፦ ይሁን፤ ግን እኛ ደጋ ነን። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ይወርዳል። ክፍት ቤት ውስጥ አድረው ብርዱ አይገድላቸውም?

እማማ፦ ጫጩት ብትሆን እኔም ካንተ ጋር ነኝ። ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ያስፈልጋታል፤ ላባ እስክታወጣ ጭድ በታጨቀበት ሳጥን ወይም በእናቷ ክንፍ ሥር ትቆይ። ላባ የለበሰች ዶሮ ግን ሌላ ናት። የሰውነቷ ሙቀት 41 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሲበርዳት ላባዋን ነፋ አድርጋ አየር ትይዝበታለች፣ ራሷን ክንፏ ሥር ትደብቃለች፣ ጣቶቿን በሆዷ ላባ ትሸፍናለች። ይህ የሚያዋጣት ላባዋ ደረቅ ሲሆንና ነፋስ ሳይገልጠው ነው። እኔም ክፈተው ስልህ ነፋስ ይምታቸው ማለቴ አይደለም። ግድግዳውን እስከ ደረትህ ምረገው፤ ከዚያ በላይ እስከ ጣሪያው ወንፊት ሽቦ ይሁን፤ ቆጡን ዝቅ አድርገህ ከጭቃው ከለላ ውስጥ አኑረው። ነፋሱ በላያቸው ያልፋል፣ እርጥበቱን ይዞ ይወጣል፣ እነሱን አይነካም። ውርጩ ከበረታ ነፋስ በሚመጣበት ጎን ብቻ ማታ ጆንያ አውርድ፣ ጠዋት ጠቅልለው። ቆጡ ራሱ ቀጭን ዱላ አይሁን፤ ጠርዙ የተላገ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው እንጨት ላይ ስትቀመጥ ጣቶቿ ይሸፈኑላታል። ለእያንዳንዷ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ቦታ ስጥ።

ወጣቱ፦ ሸለምጥማጡስ? ጭቃው ይከለክለዋል፤ ሽቦ ግን ቀዳዳ ነው።

እማማ፦ እዚህ ላይ ስጋትህ እውነት ነው። ሸለምጥማጥ ቀጭን ነው፤ ጭንቅላቱ ካለፈ ገላው ይከተላል። ሰፋፊ ቀዳዳ ያለው ሽቦ ዶሮዋን ያግታል እንጂ እሱን አይመልሰውም፤ ትንሿ ጣትህ የማታልፍበትን ግዛ። ውድ ነው፤ የምትሸፍነው ግን የላይኛውን ብቻ ነው። ጭቃውንም አብዝተህ አትመነው። አይጥ ከሥሩ ይቦረቡረዋልና 30 ሳንቲ ሜትር ቆፍረህ የድንጋይ መሠረት አስገባ። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ቅንቅን ቀን በስንጥቁ ተደብቆ ይውልና ሌሊት ወጥቶ ደማቸውን ይመጥጣል። ልስኑን አጥብቀህ ኖራ ቀባው። ጭቃው በበዛ ቁጥር ስንጥቁም ይበዛል።

ወጣቱ፦ ታዲያ እናቶቻችን በጭስ ቤት ጥግ ቆጥ ላይ ሲያሳድሯቸው ኖረው የለም ወይ?

እማማ፦ ኖረዋል፤ ግን ሦስት አራት የሐበሻ ዶሮ ነበረች፣ ቀኑን ሙሉ ደጅ ስትጭር ውላ ለማደር ብቻ የምትገባ። ያንተዎቹ እዚያው ይውላሉ፣ እዚያው ያድራሉ፣ ቁጥራቸውም ሌላ ነው። ለአራቱ አንድ ካሬ ሜትር ብትይዝ 3 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ ከዚያ አታጥብበው። አንድ ነገር ግን አልደብቅህም፤ የቱንም ያህል ጥሩ ቤት ብትሠራ ፈንግልን አይመልስም። ለእሱ ክትባቱን በጊዜው አስከትብ።

ወጣቱ፦ ከጭቃው ሥራ የሚተርፈኝን ገንዘብ ሽቦው ላይ ላውለው?

እማማ፦ ሽቦው ላይ አውለው፤ ከተረፈህ ደግሞ ቆርቆሮ ጨምርና ክፈፉን አርዝመው። የክረምት ዝናብ ነፋስ እየገፋው አግድም ይመታል፤ ክፈፉ አጭር ከሆነ በሽቦው ገብቶ ጉዝጓዙን ያበሰብሰዋል፣ አንተም ሽቦውን በላስቲክ ለመድፈን ትገደዳለህ። ከግድግዳው 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ይውጣ። የቤቱን ረጅም ጎን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አዙረው፤ የጠዋትና የከሰዓት ፀሐይ በአጭሩ ጎን ይመታዋል፣ በጋም አይግልባቸውም።