ለጭሮ ጎዳና የሚስማማ ሞተር ብስክሌት

ጥያቄ፦ የምኖረው በጭሮ ከተማ ነው። ወደ መሥሪያ ቤት፥ አንዳንድ ጊዜም እስከ ሂርና እመላለሳለሁ። ሱፐርሞቶ የተባለው ሞተር ብስክሌት ልቤን ስቦታል፤ ልግዛውን?

መልስ፦ ክቡር ጠያቂያችን፥ ሱፐርሞቶ አካሉን ለጥርጊያ መንገድ ከተሠራው ሞተር ብስክሌት ወርሶ፥ 21 ኢንች የሆነውን የፊት መንኰራኵር በ17 ኢንች የአስፋልት ጎማ የለወጠ ዓይነት ሲሆን፥ ክብደቱ የቀለለ፥ መሪውም ሰፊ በመሆኑ፥ ከባጃጅና ጫት ጭኖ ከሚጣደፈው መኪና መካከል ለመተላለፍ እጅግ የተመቸ ነው፤ ይህን ጸጋውን ልክድ አልሻም።

ሆኖም መቀመጫው አብዛኛውን ጊዜ ከመሬት ከ85 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር የሚርቅ ስለሆነ፥ በዳገት ላይ ቆመው እግርዎን አጽንተው ማሳረፍ ካልቻሉ፥ ውበቱ ፈተና ይሆንብዎታል። ዘወትር የሚያሳስበኝ ግን የመለዋወጫው ነገር ነው፤ በአገራችን የተለመደው ባለ150 ሲሲ ቦክሰር ሲታመም ጠባዩን የሚያውቅ መካኒክ በቅርብ ሲገኝለት፥ እንግዳው ሞተር ግን ስለ አንዲት የፍሬን ሸራ 325 ኪሎ ሜትር ርቃ ከምትገኘው ከአዲስ አበባ ረድኤት ይጠብቅ ይሆናል። ባለ17 ኢንች መንኰራኵርም ቢሆን በተራው የከተማ ሞተር ላይ የሚገኝ ነው።

ጭሮ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች፥ አየሩ ከመሳሳቱ የተነሣ ሞተር በባሕር ጠረፍ ከሚሰጠው ኃይል ከስድስት አንዱን ያህል ያጣልና፥ ከሚኤሶ ቆላ ሰው አፈናጥጠው ለመውጣት ከ150 ሲሲ በታች የሆነውን አይምረጡ። ምክሬ እንግዲህ ቦክሰሩን ገዝተው፥ በተረፈው ገንዘብ ጥሩ ጎማና ጽኑ የራስ ቁር እንዲገዙ ነው።