ስለ ጨዋታ ክፍል ብርሃን አመራረጥ

ከጓደኞቻችን መካከል በቤታቸው ውስጥ ለኮምፒዩተር ወይም ለፕሌይስቴሽን ጨዋታ አንዲት ክፍል፣ ክፍል ቢታጣም አንዲት ጥግ የለዩ ጥቂቶች አይደሉም። መሣሪያው ከተገዛ በኋላ የሚከተለው አሳብ የብርሃን ነገር ነው። ሱቅ ገብተው የሚጠይቁት ጥያቄ ግን አብዛኛውን ጊዜ «ስንት ቀለም ያወጣል?» የሚል ነው። ባለሱቁም ሪሞቱን አንሥቶ ቀዩን፣ አረንጓዴውን፣ ሐምራዊውን እያፈራረቀ ያሳያል፤ ገዢውም ተደንቆ ይከፍላል። እኛ ግን ከዚህ አስቀድሞ «ለዓይን ምን ይጠቅማል?» ተብሎ ሊጠየቅ ይገባል እንላለን።

በጨለማ ክፍል ውስጥ ስክሪን ብቻ ሲበራ የዓይን ብሌን ዕረፍት ያጣል። የጨዋታው ሥዕል ከዋሻ ወደ ፀሐይ በወጣ ቁጥር ይጠባል፤ ተመልሶ በጨለመ ቁጥር ይሰፋል። ከስክሪኑ በስተጀርባ ያለው ግድግዳ በመጠኑ ቢበራ ግን ዓይን የሚያየው ጠቅላላ ብርሃን ብዙም ስለማይዋዥቅ ድካሙ ይቀንሳል። ከዚህም ሌላ የስክሪኑ ጥቁር ይበልጥ የጠቆረ መስሎ ይታያል። ስክሪኑ አልተለወጠም፤ የተለወጠው አጠገቡ ያለው ነው።

ይህን ነገር ከመብራት ነጋዴዎች በፊት የደረሰበት አንድ የቀለም ሊቅ ነበር። ሚሼል ኤውጄን ሼቭረል በፓሪስ በጎብለን የጥልፍ መጋረጃ ፋብሪካ የማቅለሚያው ክፍል ኃላፊ ሳለ፣ ጥቁሩ ክር ጥቁረት ይጎድለዋል የሚል አቤቱታ ቀረበለት። መርምሮ ቢያየው ቀለሙ እንከን የለበትም፤ ክሩን ያደበዘዘው ከጎኑ የተሸመነው ሰማያዊና ሐምራዊ ነበር። ቀለም በጎረቤቱ ይለወጣል የሚለውን ሕግ እ.ኤ.አ. በ1839 በመጽሐፍ አሳተመው። (ሰውየው 102 ዓመት ኖሯል፤ የቀለም ጥናት ዕድሜ ያሳጥራል የሚል ካለ ይህን ይመልከት።) እንግዲህ ከስክሪናችን ጀርባ ኃይለኛ ሰማያዊ ብርሃን ስንለጥፍ፣ ሥዕሉ ሳይነካ ወደ ብጫ ያዘነበለ መስሎ ይታየናል ማለት ነው። ጨዋታውን የሣሉት ሰዎች ብዙ የደከሙበትን ቀለም እኛ በርካሽ ገመድ እናበላሸዋለን።

ስለዚህ ለስክሪን ጀርባ የሚስማማው ነጭ ብርሃን ነው። ነጭም ዓይነት አለው፤ በኬልቪን ይለካል። 2700 የተጻፈበት እንደ አሮጌው አምፑል ብጫማ ነው፤ 6500 የተጻፈበት የቀን ብርሃን ይመስላል። የስክሪኖች ነጭ የሚስተካከለው በዚሁ በ6500 ልክ በመሆኑ የሚመረጠው እሱ ነው። ድምቀቱም የስክሪኑ ነጭ ከሚሰጠው ዐሥር እጅ አንዱን ያህል ቢሆን ይበቃል። ነጭ ገጽ ከፍታችሁ ብትመለከቱና ግድግዳው ዓይናችሁን ወደ ራሱ ቢስብ በዝቷል ማለት ነው። ግድግዳው በሰማያዊ ወይም በአረንጓዴ ቀለም የተቀባ ከሆነ ግን ከነጩ መብራት ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን ያንኑ ቀለም ይዞ ነው፤ ነጭ ወረቀት ወይም ጨርቅ ከስክሪኑ ጀርባ መስቀል ያሻል።

«ባለ ብዙ ቀለሙም ነጭ ያወጣል» የሚል መልስ ይኖራል። ያወጣል፤ ነገር ግን ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብቻ ተደባልቀው የሚያወጡት ነጭ በመካከሉ ብዙ የጎደለ ነው፤ የሰው ፊት በዚህ ብርሃን ሲታይ የታመመ ይመስላል። እውነተኛው ነጭ ኤልኢዲ የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው፤ ሰማያዊ ብርሃን በብጫ ዱቄት ሽፋን ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል። ለዚህም ሰማያዊው ዳዮድ እስኪገኝ መጠበቅ ግድ ነበር። ኒክ ሆሎንያክ ቀዩን እ.ኤ.አ. በ1962 ሲያሳይ፣ አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ የተባሉት ሦስቱ ጃፓን ተወላጆች ደግሞ ስለ ሰማያዊው ሥራቸው በ2014 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ቀለሙንም ነጩንም የሚፈልግ ሰው ነጭ ዳዮድ የተጨመረበትን ባለ አራቱን ዓይነት ይግዛ።

አሁን ቤት ወደሚያቃጥለው ጉዳይ እንምጣ። ብዙውን ጊዜ በጥቅልል የሚሸጠው ስትሪፕ 5 ሜትር ርዝመት አለው። በ12 ቮልት የሚሠራና በሜትር 14.4 ዋት የሚወስድ ከሆነ ጠቅላላው 72 ዋት ይሆናል፤ ይህም 6 አምፔር ነው። የ2 አምፔር አዳፕተር ቤት ውስጥ ተርፎ ተገኘ ተብሎ በዚህ ላይ ቢሰካ ከአቅሙ በላይ ተጭኖ ይግላል፤ ምንጣፍ ወይም መጋረጃ ሥር ከተቀመጠ ደግሞ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። አዳፕተሩ ከሚያስፈልገው ቢያንስ በአምስት እጅ አንድ ብልጫ ሊኖረው ይገባል፤ ለተጠቀሰው ጥቅልል 7.5 አምፔር ያህል መሆኑ ነው። ይኸውም አየር በሚያገኝበት ቦታ ይቀመጥ። 220 ቮልቱን የሚቀበለው እሱ ስለሆነ ሽቦው የተላጠውን በፕላስተር ጠቅልሎ መጠቀም አይገባም።

ደስ የሚለው ግን ያን ሁሉ ርዝመት አለማስፈለጉ ነው። የ27 ኢንች ሞኒተር ጀርባ ከላይና ከሁለት ጎን ቢለካ 1.2 ሜትር ገደማ ነው። ስትሪፑ ላይ በተመለከተው የመቁረጫ ምልክት በመቀስ ቆርጦ፣ የተረፈውን ለጓደኛ መስጠት ወይም ወጪውን መካፈል ይቻላል። ለትንሽ ስክሪን ከቴሌቪዥኑ ዩኤስቢ የሚሠራው ባለ 5 ቮልቱም አይናቅም፤ ብርሃኑ ደካማ ቢሆንም የሚፈለገው ደካማ ብርሃን ነው።

ከመክፈል በፊት ሱቁ ውስጥ ብርሃኑን ዝቅ አስደርጎ እርሳስ በፊቱ ቶሎ ቶሎ ማወዛወዝ መልካም ነው። እርሳሱ ተቆራርጦ ብዙ እርሳስ መስሎ ከታየ መብራቱ ይርገበገባል፤ ራስ ምታት የሚቀናው ሰው ይተወው።

የሌሊቱ ነገር ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2002 በዓይን ውስጥ ራሳቸውን ችለው ብርሃንን የሚቀበሉ የነርቭ ሕዋሳት እንዳሉ ታወቀ፤ እነዚህም በተለይ ሰማያዊውን ተቀብለው ለአንጎል «ገና ቀን ነው» ይሉታል፤ እንቅልፍም ይዘገያል። ማግስቱ ፈተና ያለበት ተማሪ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ የቀለም እውነተኛነቱን ትቶ ወደ 2700 ቢያዞርና የጣሪያውን አምፑል ቢያጠፋ ይሻለዋል፤ የስክሪኑንም ድምቀት ካልቀነሰ ግን ግድግዳውን ብቻ ማሞቁ ብዙም አይረዳው።

ሲለጠፍም ሙጫው አቧራ ላይ አይዝምና የሞኒተሩ ጀርባ አስቀድሞ ይወልወል፤ የአየር መውጫ ቀዳዳዎቹም አይሸፈኑ።