ጥር 11 በእንግሊዝኛ ስንት ነው?

ውጭ አገር ለሚኖር አንድ ዘመዴ «ጥምቀት ጃንዋሪ 11 ነው፤ ዘንድሮ እንዳትቀር» ብዬ ጻፍኩለት። አልቀረም። ጃንዋሪ 9 ዓዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ወረደ። ያን ቀን እኛ ዘንድ ገና ጥር 1 ነበር፤ ከተራው ዘጠኝ ቀን ይቀረው ነበር። የአንድ ሳምንት ፈቃዱን ሲዞር ጨርሶ፣ ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሳይወርዱ ተመለሰ። እስከ ዛሬ ስንደዋወል «ጥርህ እንዴት ነው?» እያለ ይቀልድብኛል።

የተሳሳትኩት ልጅ ሳለሁ ግድግዳ ላይ በሸመደድኩት ሰንጠረዥ ነው፤ «ጃንዋሪ፦ ጥር» ይላል። ጃንዋሪ የጥር ትርጉም አይደለም። ስሙ የመጣው ጃኑስ ከሚባለው የሮማውያን የበር አምላክ ነው፤ ባለ ሁለት ፊት ነው፣ አንዱ ወደ ኋላ አንዱ ወደ ፊት ያያል። ወሩም እንደ ስሙ ሁለት ወር ያያል፦ በአዘቦት ዓመት ታኅሣሥ 23 ይገባና ጥር 23 ይወጣል። የጥር የመጨረሻ ሰባት ቀኖች የፌብሩዋሪ ናቸው። ስለዚህ የወር ስም ብቻውን አይተረጎምም፤ ከነቀኑ ይሰላል።

ስሌቱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የአማርኛውን ቀን ያዙና በወሩ ልክ ደምሩበት፦ በመስከረምና በጥቅምት 10፣ በኅዳርና በታኅሣሥ 9፣ በጥር 8፣ በየካቲት 7፣ በመጋቢት 9፣ በሚያዝያና በግንቦት 8፣ በሰኔና በሐምሌ 7፣ በነሐሴ 6፣ በጳጉሜ 5። (ከየካቲት ወደ መጋቢት ድንገት የሚዘለው ፌብሩዋሪ 28 ቀን ብቻ ስላላት ነው።) መስከረም ሴፕቴምበር ብሎ ይነሣል፣ ጥቅምት ኦክቶበር፣ እንዲህ እያለ እስከ ነሐሴ፣ ኦገስት ድረስ ይሄዳል፤ ጳጉሜ ተመልሳ ሴፕቴምበር ውስጥ ናት። ድምሩ ከፈረንጁ ወር ርዝመት ካለፈ ርዝመቱን ቀንሱና ወደሚቀጥለው ወር ተሻገሩ። ታኅሣሥ 29 ሲደመርበት 38 ይሆናል፤ ዲሴምበር 31 ነውና ጃንዋሪ 7 ይወጣል፤ ገና ማለት ነው።

ዓመቱ ይቀጥላል። ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር ማለቂያ 7፣ ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜ 8 ደምሩ። ብዙ ሰው ዓመቱን ደምሮ ወሩንና ቀኑን እንዳለ ይተወዋል፤ ኅዳር 12 ቀን 1990 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ ኖቬምበር 12 ተብላ ትመዘገባለች። ትክክሉ ኖቬምበር 21፣ 1997 ነው። የቀበሌው ወረቀትና ፓስፖርቱ ካልተስማሙ በኋላ የሚመጣውን መመላለስ ያየ ያውቀዋል።

አሁን ዋናው ወጥመድ። ጳጉሜ ስድስት ከሆነች፣ ቀጥሎ የሚገባው ዘመነ ዮሐንስ አንድ ቀን ይገፋል። ዓመተ ምሕረቱን ለ4 አካፍሉት፤ ቀሪ ከሌለው ዮሐንስ ነው፤ ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 ተጨማሪ 1 ደምሩ። ጥር 24 ቀን 1996ን እንሞክር፦ 24 ሲደመር 8 ሲደመር 1፣ 33፤ 31 ሲቀነስ ፌብሩዋሪ 2፣ 2004። ከየካቲት 22 ወዲህ ተጨማሪው ይቀራል፣ ፌብሩዋሪንም በ28 ቀንሱ። በነገራችን ላይ በዮሐንስ ገና ታኅሣሥ 28 የሚከበረው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ጃንዋሪ 7 ሳትነቃነቅ እኛ በአንድ ቀን እንቀድማለን።

ስሌታችሁን በምታውቁት ቀን ፈትኑ። የአድዋ በዓል፣ የካቲት 23፣ ማርች 2 ካልወጣ የሆነ ቦታ ስታችኋል።

ሲጻፍ ወሩን በፊደል ጻፉት እንጂ በአኃዝ አትተዉት። አሜሪካዊው ወሩን፣ እንግሊዛዊው ቀኑን ያስቀድማልና 03/07 ለአንዱ ማርች 7፣ ለሌላው ጁላይ 3 ነው። ባታሳጥሩትም ይሻላል፤ ጃንና ጁን በአንድ ፊደል ነው የሚለያዩት። የመጀመሪያው ፊደል ምንጊዜም ትልቅ ነው፦ ሜይ በትንሽ ፊደል «ምናልባት» ወይም «ይችላል» ይሆናል፣ ማርችም የሰልፈኛ ርምጃ። ወሩ ብቻ ሲጠራ «ኢን»፣ ቀን ሲጨመርበት «ኦን» ይቀድመዋል። በስሙ ትርጉም ግን አትቁጠሩ፤ ሴፕቴምበር «ሰባተኛ» ማለት ሆኖ ዘጠነኛ ላይ ተቀምጧል። ጥንት የሮማውያን ዓመት በማርች ይጀምር ነበርና።

ስሜንን ሊወጣ ያሰበ እንግዳ «ኢን ኦክቶበር» ብሎ ሲጽፍላችሁ ለደባርቁ መሪ «በጥቅምት» ብላችሁ አታስተላልፉ። የኦክቶበር የመጀመሪያ አሥር ቀኖች ከመስከረም 21 እስከ 30 ናቸው። ቀኑን ቁርጥ አድርጎ እንዲጽፍ መልሳችሁ ጠይቁት፤ ስትመልሱለትም ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን አስቀምጡ።

ዘመዴ ደግሞ ለ2020 ዓ.ም. ጥምቀት እንደገና ሊመጣ አስቧል። 2020 ለ4 ሲካፈል ቀሪ የለውም። «ጥር 11 ቀን 2020 ዓ.ም.፣ ጃንዋሪ 20፣ 2028፤ ከተራው በዋዜማው ስለሆነ ቢያንስ 18 ላይ ግባ» ብዬ ጽፌለታለሁ። «ራሴ አስልቼ አረጋግጣለሁ» ሲል መለሰልኝ።