ከባስቲል በፊት የተቃጠሉት ኬላዎች

የፈረንሳይ አብዮት ሲነሳ ለብዙዎቻችን ቀድሞ ትዝ የሚለን አንድ ወሬ ነው። ሕዝቡ ዳቦ አጣ ቢሏት ንግሥት ማሪ አንቷኔት «ታዲያ ኬክ አይበሉም?» አለች የሚለው። እኔም ተማሪ ሳለሁ ይህንኑ ደብተሬ ላይ ጽፌ፣ ለፈተና አጥንቼ አልፌበታለሁ። ኋላ ነገሩን ሳገላብጥ ግን ንግሥቲቱ ይህን ለማለቷ ማስረጃ እንደሌለ ተረዳሁ። ዣን ዣክ ሩሶ ስሟን ስላልጠቀሳት አንዲት ልዕልት ተመሳሳይ ወሬ የጻፈው ማሪ አንቷኔት ገና በኦስትሪያ ልጅ ሳለች ነው። ታዲያ ያን ሕዝብ በ1789 (እ.ኤ.አ) በንጉሡ ላይ ያስነሳው ምን ነበር?

በመጀመሪያ ግምጃ ቤቱን እንመልከት። ፈረንሳይ ከ1778 ጀምሮ አሜሪካውያን ከእንግሊዝ ጋር ባደረጉት ጦርነት ከጎናቸው ተሰልፋ ከአንድ ቢሊዮን ሊቭር በላይ አወጣች። ገንዘቡም በአብዛኛው ብድር ነበር። የገንዘብ ኃላፊው ዣክ ኔከር በ1781 ባሳተመው ሒሳብ መንግሥት ትርፍ ያለው አስመስሎ አቀረበ። እውነቱ ግን እያደር ወጣ። በ1788 ከመንግሥት ወጪ ግማሽ ያህሉ የሚሄደው ለዕዳ ነበር። ብዙ የተወራለት የቤተ መንግሥቱ ወጪ በአንጻሩ ከጠቅላላው አሥር በመቶ እንኳ አይሞላም።

ለመሆኑ ዕዳውን የሚከፍለው ማን ነበር? ቤተ ክህነት ከአገሪቱ መሬት አንድ አሥረኛ ያህሉን ይዛ ለንጉሡ የምትሰጠው ራሷ የምትወስነውን ስጦታ ነው። መኳንንቱ «ታይ» ከሚባለው ዋና ግብር ነጻ ነበሩ። ገበሬው ግን ለንጉሡ ታይ፣ ለቤተ ክርስቲያን አሥራት፣ ለባላባቱ ደግሞ የመሬቱን ግብር ይከፍላል። የጨው ግብርም ነበረበት፤ በአንዳንድ ክፍለ ሀገር እንዲያውም በዓመት የተወሰነ ጨው የመግዛት ግዴታ ነበር። በ1787 የገንዘብ ሚኒስትሩ ካሎን ባለ መሬት ሁሉ የሚከፍለው ግብር እንዲጣል ታላላቆቹን ሰብስቦ ቢጠይቅ አልተቀበሉትም። ብዙም ሳይቆይ እርሱው ከሥልጣኑ ተነሳ።

ይህ በእንዲህ እንዳለ ጁላይ 13 ቀን 1788 ከባድ የበረዶ ዝናብ ሰብሉን መታው። ተከትሎ የመጣው ክረምት ወንዞችን እስከ ማርጋት የደረሰ ብርድ ነበር። በፓሪስ 8 ወይም 9 ሱ ይሸጥ የነበረው ባለ 4 ፓውንድ ዳቦ በ1789 መጀመሪያ 14 ሱ ተኩል ገባ። የቀን ሠራተኛው ገቢ ደግሞ ከ20 እስከ 30 ሱ ቢሆን ነው። የደመወዙ ግማሽ በአንድ ዳቦ አለቀ ማለት ነው። በ1786 ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው የንግድ ውል ርካሽ ጨርቅ ስለገባ ብዙ ሸማኔዎችም ሥራ ፈትተው ነበር።

«እንግዲያውስ ምክንያቱ ረሃብ ነው» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኔ ግን ረሃብ ብቻውን ነው ለማለት እቸገራለሁ። በ1775 የእህል ዋጋ ንሮ በፓሪስና በአካባቢዋ ሕዝብ ተነስቶ ነበር። ወታደር ዘመተበት፤ ዙፋኑ ግን አልተነቃነቀም። በ1789 የተለየው ረሃቡ ከባዶ ግምጃ ቤት ጋር መገናኘቱ ነው። ንጉሡ ገንዘብ ስላጣ ከ1614 ወዲህ ያልተጠራውን የሦስቱን መደቦች ጉባኤ ለመጥራት ተገደደ። የተራበውም ሕዝብ ብሶቱን የሚናገርበት በር ተከፈተለት።

የሕዝቡን ልብ ከሁሉ በላይ የሚያሳየኝ አንድ ነገር አለ። ባስቲል ጁላይ 14 ከመያዙ አስቀድሞ በነበሩት ቀናት የፓሪስ ሕዝብ በከተማይቱ ዙሪያ የነበሩትን የቀረጥ ኬላዎች አብዛኞቹን አቃጥሏል። ወደ ከተማው የሚገባ ምግብና መጠጥ ቀረጥ የሚከፈልበት እዚያ ነበር። ሕዝቡ ሸክሙ በየት በኩል እንደሚጫንበት ጠንቅቆ ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ ውድ አንባብያን፣ የዚያን ዙፋን መውደቅ በአንዲት ንግሥት ቅብጠት ብቻ ስናስረዳ ዋናውን ትምህርት እናጣዋለን። በረዶውን ማንም አላዘዘውም፤ ያለው እየተተወ የሌለው እንዲከፍል የወሰኑት ግን ሰዎች ናቸው።