ልጆችን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዒላማ ተኩስ ስንወስድ

በማስተማር ዘዴ ትምህርታችን «ከቀላሉ ወደ ከባዱ» የሚለውን ደንብ ሁላችንም ተምረናል። ደንቡ ለፊደልና ለሒሳብ ብቻ የወጣ ይመስለን ይሆናል። ይበልጥ የሚያስፈልገው ግን ስሕተት በማይታረምበት ትምህርት ላይ ነው። ለዚህ በስዊዘርላንድ የሚደረገውን የልጆች ዒላማ ተኩስ በምሳሌነት እናንሣ።

በዙሪክ ከተማ በየዓመቱ በሴፕቴምበር ወር፣ ማለትም በእኛ አዲስ ዓመት ሰሞን፣ «ክናበንሺሰን» የሚባል ውድድር አለ። ትርጉሙ «የወንድ ልጆች ተኩስ» ነው። አሁን ባለው መልኩ የተጀመረው በ1889 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ሲሆን፣ ከ1991 ወዲህ ሴቶች ልጆችም ይሳተፋሉ፤ አሸንፈውም ያውቃሉ። ተወዳዳሪዎቹ ከ13 እስከ 17 ዓመት ያሉ ናቸው። በሠራዊቱ ጠመንጃ 300 ሜትር ርቆ በቆመ ዒላማ ላይ 5 ጥይት ይተኩሳሉ። ከፍተኛው ነጥብ 35 ነው። ብዙዎቹ ጠመንጃ ሲይዙ የመጀመሪያቸው ስለሆነ አዋቂ ተቆጣጣሪ ከአጠገባቸው አይለይም።

ታዲያ ለጀማሪ ልጅ ምን ይቅደም? ማነጣጠር ነው እንዳንል! የሚቀድሙት እነዚህ ናቸው፦

1ኛ/ ማንኛውም ጠመንጃ ጥይት እንደጎረሰ ይቆጠራል። «ባዶ ነው» ቢባልም አይታመንም።
2ኛ/ አፈሙዙ ወደ ዒላማው እንጂ ወደ ሰው አይዞርም።
3ኛ/ ልጁ አነጣጥሮ ለመተኮስ እስኪዘጋጅ ድረስ ጣቱ ምላጩን አይነካም።
4ኛ/ ከዒላማው በስተጀርባ ምን እንዳለ ሳይታወቅ አይተኮስም።

ከዚህ ቀጥሎ «አቁም!» የሚለው ቃል ያለ ጥይት ደጋግሞ ይለመዳል። ቃሉን ሲሰማ ወዲያው ጣቱን ከምላጩ የሚያነሣ ልጅ፣ አንድ ጥይት እንኳ ባይመታ ትምህርቱን አልፏል። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባል የለ? ከአፈሙዝ የወጣማ እንዴት ይመለሳል! የጥቁር ሰሌዳ ስሕተት በዳስተር ይጠፋል፤ ይኼ ግን አይጠፋም።

ተኩሱ ላይ ሲደረስ ልጁ ጆሮውን ይሸፍናል፣ በደረቱ ይተኛል፣ ሰደፉን ትከሻው ላይ ያጸናል፣ ትንፋሹን ያረጋጋል፣ ምላጩንም ቀስ አድርጎ ይስባል። ድምፁን የፈራ ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ ምላጩን በድንገት ይመነጭቀዋል፤ ጥይቱም ይስታል። በዚህ ጊዜ ብንጮኽበት ወይም ጓደኞቹ ቢስቁበት ፍርሃቱ ይብሳል እንጂ አይለቀውም። «ፈራሁ» ያለ ልጅ ቁጭ ብሎ ይመልከት። በመጀመሪያ ቀን ነጥብ ማወዳደርም አይበጅም።

እኛ ተኩስ አስተማሪዎች አይደለንም። ነገር ግን ነገ ከምንመደብባቸው ቀበሌዎች በብዙዎቹ ጠመንጃ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚያዩ ልጆች ይጠብቁናል። የዙሪኩ ልጅ ተቆጣጣሪ አለው፤ እቤት ብቻውን የቀረው ልጅ ግን ማን አለው? ስለዚህ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አራት ቃል እናስተምር፦ ቁም፣ አትንካ፣ ራቅ፣ ለአዋቂ ንገር። በቃል ከማስጠናት ይልቅ በጨዋታ መልክ ብናለማምዳቸው የተሻለ ነው።

የመወያያ ጥያቄ፦ «አቁም!» ሲባል ወዲያው የሚያቆም ክፍል ያለ ዱላና ያለ ቁጣ እንዴት እናገኛለን? እስቲ እንወያይበት።