ገቢርና ተገብሮ ግሥ፦ «ቅጣቱ ተከፈለ»

ሕግ ተላልፎ ስለ ተቀጣ ሰው በሚጻፍ ድርሰት ውስጥ አንባቢው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ማን አደረገ?» ብሎ ነው። ተገብሮ ግሥ አድራጊውን ሳይጠሩ መናገር ስለሚያስችል፣ ጸሐፊው ካልተጠነቀቀ ጥያቄው ሳይመለስ ይቀራል። የሚከተለውን ምንባብ ይህን እያሰባችሁ አንብቡ።

ምንባብ

በፈረንሳይ ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደር ሰው ለምርጫ ዘመቻ የሚያወጣው ገንዘብ በሕግ ተወስኗል። ወሰኑን ያከበረና በቂ ድምፅ ያገኘ ዕጩ ከወጪው ከፊሉን መንግሥት ይተካለታል። እ.ኤ.አ. በ2012 ምርጫ ለሁለተኛው ዙር ለደረሰ ዕጩ የተፈቀደው 22.5 ሚሊዮን ዩሮ ያህል ነበር። በጊዜው ፕሬዚዳንት የነበሩት ኒኮላ ሳርኮዚ በምርጫው ተሸነፉ፤ ሒሳባቸውን የመረመረው ኮሚሽንም 363,615 ዩሮ ትርፍ ወጪ አገኘ። በ2013 የሕገ መንግሥት ምክር ቤቱ ሒሳቡን ውድቅ ማድረጉን ስላጸና፣ ከ10 ሚሊዮን ዩሮ በላይ የሆነው የመንግሥት ተመላሽ ቀረባቸው። ፓርቲያቸው ለደጋፊዎቹ ጥሪ አቀረበ፤ እነርሱም በጥቂት ወራት ውስጥ 11 ሚሊዮን ዩሮ ያህል አዋጡ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። የዘመቻውን ስብሰባዎች ያሰናዳው ድርጅት፣ ወጪውን የፓርቲው ጉባኤ ወጪ አስመስሎ በሐሰት ሰነድ ማስከፈሉ በ2014 ታወቀ። እውነተኛው ወጪ ወደ 43 ሚሊዮን ዩሮ ይጠጋ ነበር። ሳርኮዚ ጥፋተኛ አይደለሁም ብለው ተከራከሩ። ፍርድ ቤቱ ግን ወሰኑ መታለፉን እያወቁ ዘመቻውን ቀጥለዋል ሲል በ2021 የአንድ ዓመት እስራት ፈረደባቸው። የይግባኝ ችሎቱ በ2024 ከዚሁ ስድስቱን ወር በገደብ አደረገው፤ በ2025፣ ምርጫው ካለፈ ከ13 ዓመት በኋላ፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ውሳኔውን አጸና። ለዚህ ጥፋት በዘመኑ ሕግ የተቀመጠው የመቀጮ ጣሪያ 3,750 ዩሮ ብቻ ነበር።

ማብራሪያ

ይህን ሁሉ «ወሰኑ ተጣሰ፤ ቅጣቱ ተከፈለ» ብሎ ማሳጠር ይቻላል። የሰዋስው ስሕተት የለበትም። «ተጣሰ» እና «ተከፈለ» በ«ጣሰ» እና በ«ከፈለ» ላይ «ተ» ተጨምሮባቸው የተገኙ ተገብሮ ግሦች ናቸው፤ በገቢሩ ተሳቢ የነበረው በተገብሮው ባለቤት ሆኗል። ነገር ግን የጣሰው አንድ ወገን፣ የከፈለው ሌላ ወገን መሆኑ ጠፍቷል። «የዕጩው ዘመቻ ወሰኑን ጣሰ፤ ደጋፊዎች ጉድለቱን ሞሉ» ብንል ግን አንባቢው ቅጣቱ በእርግጥ ማንን እንደነካ ያያል። እንዲህ ስንል ተገብሮ ግሥ ሁሉ ይቅር ማለታችን አይደለም። «እስራት ተፈረደባቸው» ሲባል ፈራጁ ዳኛ መሆኑን ማንም አይስተውም።

መልመጃ

ሀ. ከምንባቡ ውስጥ ሦስት ተገብሮ ግሦችን አውጡና የእያንዳንዳቸውን አድራጊ ተናገሩ። አድራጊው በግልጽ ካልተጻፈ ከምን እንደተረዳችሁት አስረዱ።

ለ. «የስብሰባው ወጪ በሌላ ስም ተመዘገበ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር አድራጊውን ጨምራችሁ ወደ ገቢር ለውጡ።

ሐ. መቀጮውን ደጋፊዎች በመዋጮ የሚከፍሉለት ዕጩ ተቀጥቷል ሊባል ይቻላልን? ሐሳባችሁን በሁለት አንቀጽ ጻፉ፤ ተገብሮ ግሥ በተጠቀማችሁበት ቦታ ሁሉ ከሥሩ አስምሩ።