የእርዳታና የሰፈራ መዝገብ በአንድ እጅ፤ ከላስታ የሚገኝ ትምህርት

የገጠር መሬት በአዋጅ ቁጥር 31/1967 የሕዝብ ሀብት ከሆነ በኋላ፣ በላስታ አውራጃም እንደ ሌላው ገጠር የገበሬ ማኅበራት ተቋቋሙ። ማኅበሩ መሪዎቹን ከአባላቱ መርጦ መሬት ያከፋፍል፣ በፍርድ ሸንጎውም ክርክር ያይ ነበር።

በ1977 ዓ.ም. ወሎ በድርቅ በተጎዳ ጊዜ ይኸው ተቋም የተረጂዎችንም የሰፋሪዎችንም ስም እንዲመዘግብ ተደረገ። እስከ 1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ተጓጓዘ፤ አብዛኛው ወሎዬ ነበር። ኮታ ከበላይ በወረደ ቁጥር የመሙላቱ ግዴታ በማኅበሩ ሊቀ መንበር ላይ ወደቀ። በፈቃዱ የተመዘገበ እንደ ነበረ ሁሉ፣ ሳይወድ የተወሰደና ከቤተሰቡ የተለየም ነበር። ጎረቤቶቹ የመረጡት ሰው ተጠሪነቱ ለጎረቤቶቹ መሆኑ ቀርቶ ለኮታው ሆነ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ሦስት ነው፤

1. የእርዳታና የሰፈራ ምዝገባ በተለያዩ ሰዎች ይያዝ፤ እህል የሰፈራ መግዣ አይሁን።
2. ዝርዝሩ ከመጽደቁ በፊት በጉባኤ ይነበብ።
3. ቅሬታ ሰሚው ከመዝጋቢው የተለየ ይሁን።

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ሁለተኛውንና ሦስተኛውን በመመሪያው አካትቷል፤ መመሪያው ፍሬ የሚያፈራው ግን ገበሬው በጉባኤው ላይ ያለ ፍርሃት ሲናገር ነው።